ወረቀቱ ላይ ያልነበረ መንገድ

ጎንደር ከገባሁ ወዲህ ሰባት ቤት ተከራይቼ ከሰባቱም ወጥቻለሁ። በኪራይ አይደለም፤ ኪራዬ አንድ ቀን አድሮ አያውቅም። ያስወጣኝ አፌ ነው። አንዷ አከራይ "ምነው፣ ውኃውን አበዛችሁት?" ቢሉኝ፣ "እርስዎም ቢታጠቡ ይበዛብዎ ነበር" አልኋቸው። ሌላውን ጣሪያው ያፈስሳል ብዬ ብነግረው "ዝናብ ሆኖ ነው" አለኝ። "እኔ ደግሞ ፀሐይ መስሎኝ" ብየው በሳምንቱ ዕቃችን ጋሪ ላይ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እውነት ነው የተናገርሁ። ባለቤቴ ግን እውነቱም ጋሪውም ሰልችቷታል።

"ስማ" አለችኝ ሰባተኛውን ቤት ስንለቅ፣ ድስቷን በአሮጌ ጨርቅ እየጠቀለለች። "ከእንግዲህ የምገባበት ቤት የራሴ ይሁን። ጎረቤት የሚገባበት፣ የታመምሁ ዕለት ሰው የሚያንኳኳው ቤት እፈልጋለሁ። ደግሞ ልንገርህ፤ የራሳችን ቤት ገብተን ከሰው ብትቃቃር ጋሪ አልጠራም። ጋሪ የሚወስደን ቦታ የለም።"

እኔ ግንበኛ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ቤት ሠርቻለሁ። የሐኪሙን፣ የዩኒቨርሲቲውን መምህር፣ የቢሮ ኃላፊውን ግድግዳ ቱምቢ ጥዬ ያቆምሁት እኔ ነኝ። ቤቱ ሲያልቅ "እጅህ ይባረክ" ይሉኛል፤ ከዚያ በሩን ይዘጉታል። እኔ ደግሞ አመሻሹ ላይ ወደ ኪራይ ቤቴ ገብቼ፣ ሌላ ግንበኛ ያጣመመውን ግድግዳ እያየሁ እበሽቃለሁ።

ቤት ልንገዛ ነው ስንል የባለቤቴ ወንድም ከአዲስ አበባ ደወለ።

"ወደዚህ ኑ እንጂ፤ እዚያ ምን አላችሁ?"

"ስንት ክፍል ትሰጡኛላችሁ?"

"ባላችሁ ብር? መታጠቢያ ቤት እንኳ አይደርሳችሁም።"

"እንግዲያው እዚሁ እሆናለሁ፤ እኔ ተኝቼ ማደር እፈልጋለሁ" ብየው ስልኩን ዘጋሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ድብ ባሕር የሚባል ገጠር ነው፤ አባቴ እጄን ለገብስ ማሳው ነበር የሚፈልገው። ከተማ ገብቼ አንድ ቀን ሆዴን ቢያመኝ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሰው መጠየቅ አፍሬ፣ ሰልፍ ያየሁበት በር ላይ ተቀመጥሁ። እስከ እኩለ ቀን ጠበቅሁ። ተራዬ ሲደርስ "የትኛው ነው የሚያምዎ?" አለኝ ሐኪሙ። ሆዴን አሳየሁት። ለካ ጥርስ የሚነቀልበት ክፍል ነው። በሳምንቱ የማታ ትምህርት ተመዘገብሁ። ከዚያ ወዲህ ያላነበብሁት የለም፤ የሳሙና ልባስ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው ሁሉ። ዘግይቶ ያነበበ ሰው ወረቀት ያምናል። እኔም አመንሁ። ያጠፋሁት ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ደላላው ሁለት ስልክ የያዘ ቀጭን ሰው ነበር። ያሳየን የመጀመሪያ ቤት አዲስ ቀለም ተቀብቷል። በጣቴ አንኳኳሁት። "ስንጥቁን ከሸፈናችሁት ስንት ቀን ሆነው?" አልሁ። ባለቤትየው ወደ ውስጥ ገባ፤ አልወጣም። ሁለተኛው መሠረት የለውም። ሦስተኛው መሠረት አለው፤ ውኃም አለው፤ ግን ውኃው ያለው መሠረቱ ውስጥ ነው። ደላላው "አያ፣ አንቱ ቤት ነው የሚፈልጉ ወይስ ጠብ?" አለኝ። ባለቤቴ "ሁለቱንም ነው" አለችው።

አራተኛውን ከከተማው ዳር፣ ጸዳ የሚባለው ሠፈር አገኘነው። ሁለት ክፍልና ማድቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ ቢሆንም መሠረቱ የተጠረበ ድንጋይ ነው፤ ግቢው ውስጥ አንድ የኮክ ዛፍና ጥቂት ጌሾ አለ። ሻጯ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ አሮጊት ናቸው። ባልየው የቅኔ መምህር ነበሩ። እማሆይ ጉልበታቸው ደክሞ ፒያሳ ልጃቸው ዘንድ ሊጠጉ ነው። ግድግዳውን አንኳኳሁት፤ ደህና መለሰልኝ። ቱምቢ ጣልሁበት፤ ገመዱ ግድግዳውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ወረደ። ከእኔ በፊት የተወለደ ሰው እንዲህ አድርጎ ማቆሙ ትንሽ አስቀናኝ።

ሌላ ገዢም ነበር፤ ሞተሩን ሳያጠፋ በማኪና መስኮት የሚደራደር። እማሆይ "እሱ ከማኪናው አይወርድም፤ ከቤቱም አይወጣም" ብለው ለእኛ ሰጡን።

የውሉ ቀን ጸሐፊው ወረቀቱን አትሞ ሲያበቃ "እዚህ ላይ ፈርሙ" አለ።

"አነባለሁ" አልሁ።

"አያ፣ ሁሉም ሰው የሚፈርምበት ነው እኮ" አለ ደላላው።

"ሁሉም ሰው ይፈርም። እኔ አነባለሁ።"

ጮክ ብዬ፣ ጣቴን ከፊደል ፊደል እያሻገርሁ አነበብሁት። በሰሜን እገሌ ያዋስነዋል፣ በደቡብ አስፋልት፤ አንዷን ሳልዘልል። ምስክሮቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ደላላው "በዚህ አያያዝማ ፋሲካ ይደርሳል!" አለ። "ጾም ይሻልሃል፤ አፍህ ያርፋል" አልሁት። እማሆይ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደቆመ ሰው ያዳምጣሉ። ስጨርስ "አሜን" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ፤ እኔ ፈረምሁ። እንደዚያ ቀን ረጅም ሆኜ አላውቅም።

የራስ ቤት ሸጋ ነገር ነው። ሚስማር ስመታ የማስፈቅደው ሰው የለም። ጎንደር ደግሞ ለእኔ ዓይነት ሰው የምትመች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከጸዳ ባጃጅ ይዤ ብሽቀቴ ሳይበርድ ፒያሳ እደርሳለሁ፤ የተበሳጨሁበትን ሰው አግኝቼ፣ ነግሬው፣ ለምሳ እመለሳለሁ። መንገድ ላይ ግድግዳቸውን የሠራሁላቸው ሦስት አራት ሰዎች ሰላም ይሉኛል። ውኃ በሚመጣበት ቀን በርሜል እንሞላለን፤ በማይመጣበት ቀን የሞላነውን እንጠጣለን። ጠዋት ጠዋት በኮኩ ዛፍ ሥር ቆሜ ግድግዳዬን ሳየው ቆየት እላለሁ።

የመጀመሪያው ጠዋት ግን በቁምጣ ቆሜ ፊቴን ስታጠብ "እንዴት አደርህ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ነጠላ ያጣፉ ሰዎች በግቢዬ መሐል ያልፋሉ። በበሩ ይገባሉ፣ በጓሮ ይወጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ከጓሮዬ በላይ ነው፤ ለካ የሠፈሩ አቋራጭ የእኔ ግቢ ነው። አንዲት ሴትዮ ማድቤቱ መስኮት ላይ ቆም ብለው "ሽሮው ጨው አነሰው መሰል፤ ሽታው ይናገራል" ብለው አለፉ።

"በግቢዬ መሐል!" አልሁ።

"ሸጋ ነው፤ ሰው ነው" አለች ባለቤቴ። ሽሮዋ ላይ ጨው ትጨምራለች።

ወረቀቱን አወጣሁ። ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። "እዚህ ላይ መንገድ የሚል የለም" አልኋት።

"እነሱ ወረቀቱን አላነበቡት ይሆናላ።"

እኔ ለነገር አልቸኩልም፤ ለሥራ እቸኩላለሁ። በሦስት ቀን ውስጥ የጓሮውን መውጫ በድንጋይ ካብ ዘጋሁት። ሃያ ዓመት ለሰው ገንብቼ ለራሴ የሠራሁት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ድንጋዩን አንድ በአንድ መርጬ፣ ጠርቤ፣ ጭቃውን በጭድ አቡክቼ፣ ውኃ ልክ እያስቀመጥሁበት። የመጨረሻውን ድንጋይ ስጭን አንድ ባለ ዱላ ሽማግሌ ለቅዳሴ ሊያልፉ መጡ። ቆሙ። ካቡን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት። በዱላቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት።

"ሸጋ ካብ ነው" አሉ። "እጅህ ይባረክ።"

ዞረው በበሩ ወጡና በአስፋልቱ ሄዱ። እኔ ምስጋና መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። የተቆጣ የለም፤ የከሰሰ የለም። ሰው ሁሉ በአስፋልቱ ይዞራል። ባለቤቴ አዲስ ቤት ገብተናልና ለእንኳን ደህና ገባችሁ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብላ ዳቦ ጋግራ በነጭ ጨርቅ ሸፈነች። ደረቀ። በሻይ አርሰን በላነው። ሌላ ጋገረች። እሱም ደረቀ። ሦስተኛውን እየቆረስሁ ሳለሁ ከፊቴ ተቀመጠች።

"ሰባት ቤት እየተጣላህ አስወጣኸኝ" አለችኝ። "አሁን ደግሞ ሳትጣላ ብቻዬን አስቀረኸኝ።"

የምመልሰው አላጣሁም፤ የቆረስሁትን ዳቦ ግን መልሼ በነጩ ጨርቅ ሸፈንሁት።

በማግስቱ መደርደሪያ ልሠራላት ጓዳውን ስለካ፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ትንሽ ቁም ሣጥን አገኘሁ። ከፍቼ ባየው በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ አለ። ባለቤቴ ከኋላዬ አየችውና በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው። የማኅበር ጽዋ ነው፤ ጨርቁ ላይ 'ሚካኤል' የሚል ተጠልፎበታል። ጽዋ ከቤት ቤት ይዞራል፤ የሚካኤል ማኅበር ሲሆን በወሩ አሥራ ሁለት አንዱ ቤት ይጠጣል፣ ተረኛው ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፣ በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። እማሆይ ተረኛ ሆነው ተቀብለው፣ ጽዋውን እዚያው ትተው ሄደዋል።

"ዛሬ ስንት ነው?" አለች።

"ሦስት።"

"ዘጠኝ ቀን!" አለች፤ ፊቷ በርቶ ወዲያው መልሶ ጠቆረ። "ማን ሊመጣልን?"

ፒያሳ ወጣሁ። እማሆይ ልጃቸው ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"እማሆይ፣ ጽዋውን ረስተው ሄደዋል።"

"አልረሳሁም።"

"ታዲያ ምነው ከእኛ ቤት ተገኘ?"

"የደረሰው ለዚያ ቤት ነዋ! እዚህ ማን ይወጣልኛል? ሽማግሎቹ ደረጃው ላይ ያልቃሉ። ለማኅበሩ ነግሬአለሁ፤ እናንተ በእኔ ቦታ ትገባላችሁ። 'ምን ዓይነት ሰው ነው?' ቢሉኝ 'አንባቢ ነው' አልኋቸው።"

"ሌላ ነገር አልነገሩም?"

"ሌላማ ምን አውቅልሃለሁ።" ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉ። "መንገዱስ? ሰው እንደ ድሮው ያልፋል?"

"ያልፋል" አልሁ።

ሰባት ቤት ያስወጣኝ እውነት ያን ጊዜ የት እንደገባ አላውቅም። ደረጃውን ስወርድ ጆሮዬ ይግል ነበር።

ባለቤቴ ጠላ ጠነሰሰች፣ ድፎ ደፋች፣ አግዳሚ ወንበር ከእኔ የሥራ ጓደኞች አስመጣች። ስለ ካቡ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ብትናገር እኔም እመልስ ነበር፤ ተጨቃጭቀን ይወጣልን ነበር። በዋዜማው ከሰዓት ዲጂኖ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ጫፉን ከላይኛው ድንጋይ ሥር አስገባሁ። መልሼ አወጣሁት። የማላፍርበት ሥራ ቢኖረኝ ያ ካብ ነበር። በበሩ ይግቡ፤ በር አለኝ አይደል ወይ አልሁ።

የሚካኤል ዕለት ቅዳሴው አለቀ። ባለቤቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። አስፋልቱን ታያለች። ባጃጅ አለፈ፤ አህያ አለፈ። ሰው የለም። ነጠላዋን ታጣፋለች፣ መልሳ ትፈታለች። እኔ ከማያት ብዬ ፊቴን ወደ ጓሮ መለስሁ። ያን ጊዜ ከካቡ ወዲያ ድምፅ ሰማሁ።

ከካቡ በላይ የቄሱ ጥላ ይታያል፤ የእማሆይ ቆብ ይታያል፤ የዱላ ጫፍ ይታያል። ከኋላቸው ማኅበረተኛው ሁሉ ነጭ ለብሶ ቆሟል።

"ደረስን!" አሉ ባለ ዱላው ሽማግሌ። ለካ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው እሳቸው ናቸው።

"አያ፣ በበሩ በኩል ዙሩ" አልሁ።

"እኛማ ዞረን ለምደናል። እማሆይ ናቸው እንጂ። ከፒያሳ በባጃጅ መጥተው አስቀደሱ፤ ባጃጁ ሄደ። በዚህ ጉልበት አስፋልቱን ይዙሩት?" ካቡን በዱላቸው መታ አደረጉት። "ሸጋ ካብ ነው ብዬህ ነበር። አሁንም ሸጋ ነው። ብቻ እማሆይ አይዘሉትም።"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። እማሆይ ግን አልሳቁም።

"ሰው ያልፋል አላልኸኝም?" አሉኝ።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ቆማለች። ትንፋሿን እሰማዋለሁ። ያለኝን አንድ ነገር ተናገርሁ።

"ወረቀቱ ላይ መንገዱ የለም፣ እማሆይ።"

"የለም?"

"የለም።"

"ውይ!" አሉ። "እኔ ምን ላውቅ፤ ማንበብ አልችል። አንተ ያን ያህል ስታረዝመው፣ መንገዱም በመሐል አለ ብዬ ነው እኮ አሜን ያልሁት!"

ማኅበረተኛው አላስቻለውም። ቄሱ ጥላቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም መጀመሪያ ከንፈሬን ነከስሁ፤ ከዚያ ተውሁት። ሄጄ ዲጂኖውን አመጣሁ።

የላይኛውን ድንጋይ ስፈነቅል ማንም አላገዘኝም፤ የሚገባኝ ነው። ሁለተኛው ላይ ሽማግሌው ዱላቸውን ግንድ ላይ አስደግፈው የድንጋዩን ጫፍ ያዙልኝ። ከዚያ ወንዶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ካቡ እንቢ አለ። ሥራዬ ነዋ!

"ኧረ ምን ጨምሮበት ነው እንዲህ የጠናው?" አሉ ያች የሽሮዋ ሴትዮ።

"ክፋት" አለች ባለቤቴ።

ለዚያ መንደር ሰው የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው። ሴቶቹ በሳቅ ተያያዙ። አንዷ ገና ያልፈረሰውን ተሻግራ እጇን ይዛት "ነይ፣ ጠላሽን አሳይኝ" አለቻት። ሁለቱ ወደ ማድቤት ሲሄዱ ካየሁ በኋላ ድንጋዩ ቀለለኝ።

እማሆይ በመጀመሪያ አለፉ፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ደግፈው። ቤት ገብተን ከተቀመጥን፣ ጸሎቱ ከደረሰ በኋላ፣ ጽዋው ከመዞሩ በፊት ሙሴው እንደ ሥርዓቱ ጠየቁ።

"ተቀያይሞ የገባ አለ?"

ሁሉም ጣሪያውን አየ።

"አለ" አልሁ።

"ማን?"

"እኔ።"

"ከማን ጋር?"

"ከሁላችሁም።"

ሽማግሌው አሰቡ። "እኛስ አልተቀየምንህም" አሉ። "ደከመን እንጂ።"

ይቅር ተባባልን፤ ጽዋው ዞረ። ባለቤቴ እያሳለፈች፣ እየተሳሳቀች፣ አንዱን ዳቦ ለሁለት ሰው እያደለች ዋለች። በመጨረሻው ላይ ከማድቤት "ጨው አንሶታል!" የሚል ድምፅ ወጣ። "አላነሰውም!" ብላ ስትመልስ ሰማኋት። እዚህ ቤት ገብታ መጀመሪያ የተጨቃጨቀችው ያን ዕለት ነው፤ ከእኔ ሌላ ሰው አግኝታ።

ከካቡ ድንጋይ የመንገዱ ዳር ላይ መደብ ሠራሁ። ውኃ ልኩ የተጠበቀ ነው፤ ቂጥ አይጎረብጥም። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሽማግሌዎች ያርፉበታል፤ አርፈውም ስለ እኔ ያወራሉ፤ እኔ እየሰማሁ። ያናድዱኛል። ኮኬንም ይለቅማሉ። ከውሉ ግርጌ፣ ከፊርማዬ በታች፣ በገዛ እጄ "በግቢው ውስጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያሳልፍ መንገድ አለ" ብዬ ጽፌበታለሁ። የተማረ ጎረቤቴ አይቶት "ይህ ሕግ ፊት አይቆምም" አለኝ። "አይቁም፤ መንገድ ነው፤ ይለፉበት" አልሁት።

ይህን ስጽፍ መስኮቱ ላይ ጥላ አረፈ። ያች ሴትዮ ናቸው።

"አሁንም ትጽፋለህ?"

"አሁንም ያልፋሉ?"

"ምን ልሁን፤ አቋራጭ ነው" አሉና አየሩን አሸተቱ። "ዛሬ ደግሞ ጨው በዝቶበታል።"

"ይግቡና ይቅመሱት እንጂ!" አለች ባለቤቴ ከውስጥ።

ገቡ።